የፕላስቲክ ገበር ያለው አሮጌ የብረት ቧንቧ ለኬሚካል መስመር ዳግመኛ ከመዋሉ በፊት ስለሚደረግለት ምርመራ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በደቡብ ኦሞ፣ በኛንጋቶም ወረዳ፣ በካንጋተን አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ ከከብት እርባታው ጎን ለጎን ማሽላና በቆሎ ሲያመርት የኖረው የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። ጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ግን ያ የጎርፍ ሥርዓት ስለ ተለወጠ፣ በወንዙ ዳር የሚካሄደው እርሻ ፊቱን ወደ ፓምፕ መስኖ ማዞር ግድ ሆኖበታል። ፓምፕ ሲመጣ ቧንቧ ይከተላል። ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ ዩሪያን በውሃ አሟሙቶ በመስመር መላክ፣ የጠብታ መስኖ ቱቦዎችን በአሲድ ወይም በበረኪና ማጠብ የመሳሰሉት ሥራዎች ይመጣሉ።

ለእነዚህ ፈሳሾች ባዶ የብረት ቧንቧ አይበጅም። አሲድ ብረትን በቀናት ውስጥ ይበላዋል፤ በረኪናም ሆነ የአሞኒያ ጨው ያለበት የማዳበሪያ ውሃ ጊዜ ይውሰድ እንጂ ያዝገዋል። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ አንድ አሳቢ የማኅበር አባል ወይም አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ «ከፋብሪካ የወጣ፣ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ ቧንቧ በርካሽ አለ» የሚል ወሬ ይዞ የሚመጣው። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ቧንቧውም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱ ቧንቧ ከውጭ ሲታይ ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው።

ቧንቧው ምን ዓይነት ነው?

ካፖርት ገበር እንዳለው ሁሉ ይህ ቧንቧም ገበር አለው። ውጪው ተራ ብረት ሲሆን የግፊቱን ኃይልና ከውጭ የሚመጣውን ምት ይሸከማል። ውስጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን ኬሚካሉ ብረቱን እንዳይነካው ይከላከላል። የፕላስቲኩ ጫፍ በሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ታጥፎ በፍላንጁ ፊት ላይ ይተኛል። ይህንን የታጠፈ ጫፍ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ከንፈር» እንለዋለን። ሁለት ቧንቧዎች ሲገጣጠሙ ከንፈር ከከንፈር ስለሚጋጠም ኬሚካሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ሳያይ ያልፋል።

በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኬሚካል ፋብሪካዎች ሳራን በተባለ ፕላስቲክ የተገበሩ ቧንቧዎች ሥራ ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. እና ቴፍሎን ተተክተዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ ቧንቧ የሚጠበቀው አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ክሎሪን ከሚያመርቱና ከሚጠቀሙ ድርጅቶች ነው፤ ለምሳሌ በአዋሽ መልካሳ እንዳለው ዓይነት የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ ማንጫ ክፍል፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ። ከቆመ የመስኖ እርሻ የሚገኘው አሮጌ ቧንቧ ግን፣ በደርግ ዘመን ኦሞራቴ ላይ እንደ ነበረው የጥጥ እርሻ ካለ ቦታ የሚተርፈውን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገበር የሌለው ተራ የውሃ ቧንቧ ነው። ውስጡ ቀለም ወይም ሬንጅ የተቀባ ቧንቧም ቢሆን ገበር ያለው አይባልም፤ ቀለም ለአሲድ አይመክትም። ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ በፍላንጁ ፊት ላይ የታጠፈ የፕላስቲክ ከንፈር መኖሩን ማየት ነው። ከንፈር ከሌለ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቧንቧ አይናገርም።

የፕላስቲኩን ዓይነት መለየትም አስፈላጊ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ለዩሪያ መፍትሔና ለቀጠነ አሲድ ይስማማል፤ ጠንካራ ናይትሪክ አሲድና ጠንካራ በረኪና ግን ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጥቁታል። ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. ለአሲድና ለክሎሪን ጎበዝ ሆኖ በኮስቲክ ሶዳ ይጎዳል። ቴፍሎን በእርሻ ላይ የሚገጥመን ማናቸውም ኬሚካል አይደፍረውም። ነጋዴዎች በቀለሙ እንለያለን ይላሉ፤ ቀለም ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ብቻውን አያስተማምንም። የተሻለው ዘዴ በውሃ መፈተን ነው። ከተጣለ ቁራጭ ወይም ከከንፈሩ የውጭ ጠርዝ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ተልጦ፣ የአየር አረፋ እንዳይዝ በጣት ታሽቶ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይጨመራል። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢትሊን ይንሳፈፋሉ፤ ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. እና ቴፍሎን ይሰምጣሉ። በክብሪት አቃጥሎ በሽታው ለመለየት መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቴፍሎን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ሳንባን ይጎዳል።

ታሪኩን መጠየቅ

ከሁሉም ምርመራ የሚቀድመው ጥያቄ ነው። ቧንቧው የት ነበር? ምን ያስተላልፍ ነበር? በምን ያህል ሙቀት? ለስንት ዓመት? ለምን ተነሣ? ፋብሪካው ስለ ታደሰ የተነሣ ቧንቧና እየፈሰሰ ስላስቸገረ የተነሣ ቧንቧ፣ በነጋዴው ግቢ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ አንድ ናቸው።

ይህ ጥያቄ ክብደት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕላስቲክ ፈሳሽ አያሳልፍም ቢባልም እንፋሎትን ጥቂት በጥቂት ያሳልፋል። ክሎሪንና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንፋሎት በቴፍሎን ውስጥ እንኳ እየሠረገ ያልፋል። ካለፈ በኋላ በገበሩና በብረቱ መካከል ተቀምጦ ብረቱን ከጀርባው ይበላዋል። ለዓመታት እንዲህ ያለ አሲድ ሲያስተላልፍ የኖረ ቧንቧ ገበሩ እንደ አዲስ እያብረቀረቀ፣ የውጭ ቀለሙም ሳይላጥ፣ በመካከል ያለው ብረት ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው ለቀዝቃዛ ኮስቲክ ሶዳ ያገለገለ ፖሊፕሮፒሊን የተገበረ ቧንቧ ብዙ ዕድሜ ሊቀረው ይችላል።

ሻጩ በጽሑፍ መልስ መስጠት ካልቻለ ቧንቧው «ታሪኩ ያልታወቀ» ተብሎ ይመደባል። በእኛ አስተያየት ታሪኩ ያልታወቀ ቧንቧ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለኬሚካል መስመር መገዛት የለበትም። ጸረ ተባይ ያስተላለፈ ከሆነም ታሪኩ ቢታወቅም አይወሰድም። በአገራችን ጊዜ ያለፈበት ጸረ ተባይ ተከማችቶ ምን ያህል ችግር እንዳመጣ የቆዩ የግብርና ሠራተኞች ያስታውሱታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ተለቅሞ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ መጓዝ ነበረበት። የመርዙ በርሜልና ጀሪካን ታጥቦ ለውሃ መቅጃ ሲውል ያላየ የልማት ሠራተኛም ጥቂት ነው።

ከመንካት በፊት ማጠብ

አሮጌ ቧንቧ ባዶ ነው ተብሎ አይታመንም። በተጣጠፈ ወይም በተቋጠረ ቦታ ጥቂት አሲድ ሊኖርበት ይችላል። የሚያጥበው ሰው የጎማ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና ቦት ጫማ አድርጎ፣ ከነፋሱ በላይ ቆሞ፣ ፊቱን ከቧንቧው አፍ መስመር አርቆ ይሥራ። ውሃው ብዙ ይሁን። ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ጥቂት ውሃ ሲንጠባጠብበት ፈልቶ ይረጫልና በጣሳ መጨመር አደገኛ ነው። አጣቢው ወደ ወንዙ፣ ወደ ከብት መጠጫ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃ እንዳይሄድ ከእነዚህ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቅር፤ አሲድ ከሆነ በኖራ ወይም በአመድ ይመከት።

እጥበቱ በቃ የሚባለው በሊትመስ ወይም በፒ.ኤች. ወረቀት ሲታይ የሚወጣው ውሃ ከገባው ውሃ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ሲሰጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን እናስታውስ። ቧንቧው ታጥቦ ወረቀቱም ጥሩ ካሳየ በኋላ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ይደር። በነጋታው ወረቀቱ እንደገና ይነከር። ቀለሙ ከተለወጠ ወደ ገበሩ ውስጥ ወይም ጀርባ የገባ ኬሚካል ተመልሶ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሦስት ሌሊት ተደጋግሞም ካልጠራ ቧንቧው ይመለስ።

በዓይንና በእጅ የሚደረግ ምርመራ

በብረቱ ላይ፣ በተለይ በፍላንጆቹ አጠገብ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ክብ ቀዳዳ ይታያል። ይህን ያየ ገዢ «ቧንቧው ተበስቷል» ብሎ ሊጥለው ወይም ዋጋ ሊቀንስበት ይሞክራል፤ ሻጩ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ በብየዳ ወይም በቀለም ይደፍነዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቀዳዳው ከፋብሪካው ሲወጣ የነበረ መተንፈሻ ነው። ሥራው በገበሩ በኩል የሠረገው እንፋሎት ተጠራቅሞ ገበሩን ወደ ውስጥ እንዳይገፋው ማስወጣት ነው። ደግሞም ገበሩ ቢቀደድ ፈሳሹ በመጀመሪያ የሚታየው በዚሁ ቀዳዳ ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ደወል ማለት ነው።

ስለሆነም መተንፈሻው ክፍት መሆን አለበት። በቀለም ወይም በጭቃ የተደፈነ ከሆነ በደነዘዘ የእንጨት ስንጥር በቀስታ ይከፈት። በምስማር ወይም በሹል ሽቦ መጎርጎር ግን ከጀርባው ያለውን ገበር ይበሳዋል። በብየዳ የተደፈነ ከሆነ የብየዳው ሙቀት ገበሩን እንዳቀለጠው ቆጥሮ ቧንቧውን መተው ይሻላል። በቀዳዳው ዙሪያ የዝገት ወይም የነጭ ጨው ዱካ እንደ እንባ ወርዶ ከታየ ደግሞ ብረቱ ከጀርባ እየተበላ መሆኑን ይናገራል፤ እንዲህ ያለው ለኬሚካል አይውልም።

ከመተንፈሻው ቀጥሎ ከንፈሩ ይታያል። በጣት ዙሪያውን ሲዳሰስ ውፍረቱ አንድ ዓይነት፣ ፊቱም ልሙጥ መሆን አለበት። በዙሪያው ወይም ወደ አንገቱ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ የተጫረ ጭረት፣ በመዶሻ ወይም በካቻቪቴ የተመታ ምልክት መጣያው ነው። ፕላስቲክ ሲጨቆን እየቆየ ይሳሳል፤ ቡሎን ከልክ በላይ የተጠበቀበት ቧንቧ ከንፈሩ በአንድ ወገን ቀጥኖ ይገኛል። ከገበሩ ውፍረት ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ከንፈር አጥብቆ አይይዝም።

ከንፈሩ የሚጎዳው በሥራ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሻጩ ግቢ ውስጥም ነው። ፖሊፕሮፒሊን በፀሐይ ይደርቅና እንደ አሮጌ የፕላስቲክ ወንበር ይሰባበራል፤ ጥፍር ሲጫነው ነጭ ዱቄት የሚለቅ ከንፈር የዚህ ምልክት ነው። ሙቀቱም ሌላ ጠላት ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ሲለጠጥ ከብረት አሥር እጥፍ ያህል ይረዝማል። በታችኛው ኦሞ ፀሐይ ላይ የተጣለ ስድስት ሜትር ቧንቧ ከሌሊት እስከ ቀትር በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢግል፣ ብረቱ የሚረዝመው ሦስት ሚሊ ሜትር ሲሆን ገበሩ ነጻ ቢሆን ኖሮ ወደ 29 ሚሊ ሜትር በረዘመ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ ሁለቱ ጫፎች ከፍላንጁ ጋር ታስረው ስለነበር ገበሩ ባለበት ይቆይ ነበር። ቡሎኑ ተፈቶ ከተጣለ በኋላ ግን በየዕለቱ ይወጣል፣ ይገባል፤ በመጨረሻም ከንፈሩ ከፍላንጁ ፊት ይነሣና ወደ ፊት ይገለበጣል፣ ወይም አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከንፈሩ የተነሣ ቧንቧ በእሳት አሙቆ መመለስ በየወርክሾፑ የሚሞከር ነገር ነው። አይመከርም፤ ያ ሥራ ልዩ መሣሪያና የታወቀ የሙቀት ልክ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቧንቧው ሲገዛ ሁለቱም አፎች በክብ ጣውላ ተከድነው በቡሎን ታስረው መሆን አለባቸው። ከጂንካ ወደ ካንጋተን በመኪና ሲጫንም ክዳኑ አይነሣ፤ ገመድ ወይም ዲጂኖ በቧንቧው አፍ አስገብቶ ማንሣት ክልክል ነው።

ውስጡን ለማየት አንዱን አፍ ወደ ፀሐይ አዙሮ በሌላው ማየት ይበቃል፤ ወይም መስተዋት ፀሐይን ወደ ውስጥ ይመልስ። ጤነኛ ገበር እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ክቡ ሳይዛባ እስከ መጨረሻው ይታያል። ያበጠ፣ የተጨማደደ፣ ወደ መሐል የገባ ቦታ ካለ ገበሩ ከብረቱ ተላቋል። በቀጥታ ቧንቧ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ጎሚቶና ቲ ላይ ግን ውስጡ ስለማይታይ፣ በመታጠፊያውም ላይ ፍሰቱ ገበሩን ስለሚፈትገው፣ አሮጌ ጎሚቶ ባይገዛ ይመረጣል።

ብረቱን በተመለከተ፣ በትንሽ መዶሻ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ መምታትና ድምፁን ማድመጥ ጠቃሚ ነው። የሳሳ ወይም የተላቀቀ ቦታ ድምፁ ይደነቁራል። በትክክል የሚለካው የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ትላልቅ ፋብሪካዎችና የቦይለር መርማሪዎች ዘንድ ይገኛል። ለማነጻጸር ያህል፣ በብዛት የሚታየው ዓይነት ባለ 2 ኢንች ብረት ሲሠራ ውፍረቱ 3.9 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 3 ኢንች 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ኢንች 6.0 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረት ለማወቅ ብሎ ብረቱን በመሰርሰሪያ መብሳት ቧንቧውን መግደል ነው።

በኤሌክትሪክና በውሃ ግፊት መፈተን

ዓይን የማያየውን የመርፌ ቀዳዳ ኤሌክትሪክ ያየዋል። ሠሪ ፋብሪካዎች ገበሩን የሚፈትኑት በ10,000 ቮልት የእሳት ብልጭታ ነው፤ ብልጭታው ወደ ብረቱ የዘለለበት ቧንቧ ይወድቃል። ይህ መሣሪያ በወረዳ ደረጃ ስለማይገኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቀላል ዘዴ ሊሠራ ይችላል።

ቧንቧው በደረቅ እንጨት ላይ ዘመም ተደርጎ ይቆማል። የታችኛው አፍ ከከንፈሩ በማያልፍ የጎማ ቁራጭና በጣውላ በደንብ ይከደናል። ከላይ አንድ እፍኝ ጨው የሟሟበት ውሃ ከከንፈሩ አንድ ስንዝር ዝቅ እስኪል ይሞላል፤ ለባለ 2 ኢንች ስድስት ሜትር ቧንቧ አሥር ሊትር ያህል ይበቃል። የላይኛው ከንፈርና ከውሃው በላይ ያለው የገበር ክፍል በጨርቅ ተወልውሎ ይድረቅ፤ እርጥበት ከውሃው ወደ ብረቱ ድልድይ ሆኖ ያታልላልና። የመብራት ሠራተኞች ሜገር የሚሉት የ500 ቮልት መለኪያ አንዱ ሽቦ በጨው ውሃው ውስጥ ይነከራል፤ ሌላው ቀለሙ ተፍቆ በነጣ ብረት ላይ ይታሰራል። በመለኪያው ጊዜ ማንም ሰው ቧንቧውን አይንካ። ንባቡ በብዙ ሜጋ ኦም ከሆነ ገበሩ አልተበሳም። ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ መጀመሪያ ጫፎቹ ደርቀው እንደገና ይለካ፤ አሁንም ከወረደ ቀዳዳ አለ። ሜገር ከሌለ ተራ መልቲሜትርም ግልጽ ቀዳዳን ያሳያል፤ ጥቃቅኑን ግን ሊስት ይችላል። ከፈተናው በኋላ ጨው እንዳይቀር በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

ይህ ዘዴ ወገን ለወገን የዘለቀን ቀዳዳ ብቻ እንደሚያገኝ መታወቅ አለበት። ሊቀደድ የተቃረበን ገበር አያሳይም። ለዚያ የግፊት ፈተና ይረዳል። ቧንቧው በውሃ ይሞላል፤ አየሩ በሙሉ ይወጣል፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ መስመሩ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይደረግበታል። መስመሩ በ3 ባር የሚሠራ ከሆነ ፈተናው 4.5 ባር ነው ማለት ነው። በዚሁ ግፊት ለሠላሳ ደቂቃ ይቆይና መተንፈሻዎቹ አንድ በአንድ ይታዩ። ከአንዱ አንዲት ጠብታ ብትወጣ ያ ቧንቧ ወድቋል፤ ድርድር የለበትም። ፈተናው በአየር መጭመቂያ እንዳይደረግ አጥብቀን እናሳስባለን። የታመቀ አየር ሲፈነዳ እንደ ቦምብ ነው፤ ውሃ ግን ሲፈስ ግፊቱ ወዲያው ይሞታል።

የት ይገጠም፣ የት አይገጠም

ምርመራውን ያለፈ ቧንቧ ቦታው አንድ ነው፤ ከኬሚካሉ ጋን ተነሥቶ ወደ ዋናው የመስኖ መስመር እስከሚገባበት ነጥብ ያለው አጭር መስመር። ዋናውን መስመር በሙሉ በዚህ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማዳበሪያው በመስኖ ውሃ ከቀጠነ በኋላ ተራ የፖሊኢትሊን ቧንቧ ይበቃዋል። እንዲያውም በግልጽ እንናገር፤ አጭሩም መስመር ቢሆን ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነና ከከብት ኮቴና ከሰደድ እሳት የሚጠበቅ ከሆነ፣ አዲስ የፖሊኢትሊን ቧንቧ ከተመረመረ አሮጌ ብረት የሚመረጥበት ጊዜ ይበዛል። ባለ ገበሩ ብረት የሚያዋጣው በፓምፕ ቤት አጠገብ፣ ምትና ረገጣ በሚበዛበት፣ ግፊትም በሚጨምርበት ቦታ ነው።

በፓምፑ መሳቢያ በኩል ፈጽሞ አይገጠም። ፓምፑ ከወንዙ ውሃ ሲስብ በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። አሮጌ ገበር ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ፣ ሙቅ ውሃ ይዞ ተከድኖ የቀዘቀዘ ጀሪካን ጎኑ እንደሚሰረጉድ ሁሉ፣ ወደ ውስጥ ተስቦ መንገዱን ይዘጋል። ይህ አደጋ በመግፊያው በኩልም አለ። ማሳው ከወንዙ ከፍ ባለበት ቦታ ፓምፑ ሲቆም በመስመሩ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ሲመለስ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ገበሩም ይሳባል። ስለሆነም ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ከፓምፑ አጠገብ፣ አየር የሚያስገባ ቫልቭ በመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይገጠም።

ይኸው የማያስመልስ ቫልቭ ከቧንቧው ዕድሜ ይልቅ ለሰው የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ቫልቩ በሌለበት ፓምፑ ቢቆም በጋኑ ያለው ኬሚካል በመስመሩ ተመልሶ ወደ ኦሞ ይገባል። ከካንጋተን በታች እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ወንዙን በቀጥታ የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ።

በአንድ መስመር አሲድንና በረኪናን ማፈራረቅ ሌላው መከልከል ያለበት ነገር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ የፓምፕ ቤት ውስጥ ይህ ገዳይ ነው። አንድ መስመር ለሁለቱም ማዋል ግድ ከሆነ በመካከሉ መስመሩ በብዙ ውሃ መታጠቡ በፒ.ኤች. ወረቀት ይረጋገጥ፤ ጋኑ ግን ለየብቻ ይሁን። ኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ዝቃጩ በዚህ መስመር እንዳይገባ ይደረግ።

አገጣጠም

አሮጌ ከንፈር ከዚህ ቀደም የለመደውን ፊት ስለሚያስታውስ ከአዲስ ጎረቤት ጋር በደንብ አይስማማም። ስለሆነም በሁለት አሮጌ ከንፈሮች መካከል የቴፍሎን ጓርኒሲዮን ይግባ። ተራ የጎማ ጓርኒሲዮን በአሲድ ይበላል። ቡሎኖቹ ተጠርገው፣ ዘይት ተቀብተው፣ ከሥራቸው ራንዴላ ተደርጎ በመስቀል ቅርጽ፣ ፊት ለፊት እየተፈራረቁ፣ ቀስ በቀስ ይጠበቁ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ ከንፈሩን ያዛባል። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ መስመሩ ቀዝቃዛና ባዶ ሳለ እንደገና ይጠበቁ፤ ፕላስቲኩ በአንድ ሌሊት ስለሚረግብ ይህ ሁለተኛ ማጥበቅ ካልተደረገ መንጠባጠብ አይቀርም። መስመሩ ግፊት ይዞ ሳለ ቡሎን አይነካም።

በተገጠመ ቧንቧ ላይ ብየዳ፣ በግራይንደር መቁረጥ፣ እግር ማስበየድ አይፈቀድም። መስመሩ ረዘመ ተብሎ በመጋዝ ቢቆረጥ ከንፈሩ ጠፍቷልና ቧንቧው አልቋል። ስለዚህ ርዝመቱ ከመግዛት በፊት ይለካ። ቧንቧውን የሚሸከመው እግር በቀለበት ታስሮ ከመሬት ከፍ ይበል። መስመሩም በሣር ወይም በቆርቆሮ ጥላ ይሠራለት፤ ለዚህ የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው።

የወደቀው ቧንቧ

ምርመራውን የወደቀ ቧንቧ ወደ ሻጩ ይመለስ፤ ውሉም ሲጻፍ ይህ እንዲገባበት ማኅበሩ ይጠይቅ። በማኅበሩ ግቢ ከቀረ ግን ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ያገኘዋል። ለሁለት ተሰንጥቆ የከብት ገንዳ ይሆናል፣ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ላይ ይገጠማል። ኬሚካል ያለፈበት ቧንቧ፣ ምርመራውን ያለፈውም ቢሆን፣ ለሰውም ሆነ ለከብት መጠጥ ውሃ ዳግመኛ አይውልም። ይህን በጽሑፍ ብቻ መግለጽ አይበቃም፤ ማንበብ የማይችል እረኛም እንዲያውቀው በየሁለት ሜትሩ ቀይ ቀለበት ይቀባ፣ ትርጉሙም በስብሰባ ላይ በኛንጋቶም ቋንቋ ይነገር። ገበሩን ከብረቱ ለመለየት በእሳት ማቃጠል፣ ብረቱም ለማገዶ ቤት ማጨሻ መዋሉ አደገኛ ነው።

እያንዳንዱ የተገጠመ ቧንቧ ቁጥር ይጻፍበት። በፓምፕ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ፣ የመጣበት ፋብሪካ፣ የገበሩ ዓይነት፣ የሜገሩ ንባብና የፈተናው ግፊት ከቀኑ ጋር ይስፈር። ኦፕሬተሩ ፓምፑን ባስነሣ ቁጥር በመስመሩ እግር ሄዶ መተንፈሻዎቹን ይይ፤ እርጥብ ያገኘ እንደሆነ የጋኑን ሳራቺኔስካ ይዝጋ፣ መስመሩን በውሃ ያጥብ፣ ቁጥሩን ይመዝግብ። የግፊቱ ፈተና በየዓመቱ፣ ፓምፑ ለጥገና በሚቆምበት ወቅት፣ ይደገም።